ከወርቅ ቁፋሮ በጎርፍ የመጣ ደለል ማሳ ላይ ሲተኛ

ጥያቄ፦ ማሳዬ የሚገኘው በአሶሳ ዙሪያ ነው። ከበላዩ ባለው ተዳፋት ላይ ወርቅ አጣቢዎች የቆለሉት አፈር ባለፈው ክረምት በጎርፍ ታጥቦ መጥቶ የበቆሎ ማሳዬን የታችኛውን ክፍል ሸፈነው። አራት ጣት ያህል ውፍረት ያለው ግራጫ ደለል ተኝቶበታል፤ በቆሎውም በዚያ በኩል ቢጫ ሆኖ ቀረ። አርሼ ከአፈሩ ጋር ልቀላቅለው? ኖራስ ይጠቅመዋል? ከብቶቼ ከሥር ካለው ጅረት ይጠጣሉ፤ ዳሩ ላይም ጎመንና ሽንኩርት አለኝ።

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ማረሻዎን ከዚያ ቦታ ያርቁ። ደለል ለገበሬ ሲሳይ ስለሆነ አርሶ መቀላቀልን ማሰብዎ አያስገርምም። ይህኛው ግን ከመሬት ሆድ የወጣ ዓለት ተፈጭቶ፣ ወርቁ ተለቅሞ የቀረ ዱቄት ነው። አሁን እንደ ምንጣፍ ከላይ ተነጥፎ ስለሚገኝ በአካፋ ሊነሳ ይችላል፤ ከታረሰ ግን አንድ ስንዝር ጥልቀት ካለው አፈር ጋር ይዋሃድና መልሶ መለየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1998 በደቡብ ስፔን አዝናልኮያር በተባለ ቦታ የማዕድን ዝቃጭ የያዘ ግድብ ተደርምሶ ከ4,000 ሄክታር በላይ መሬት በተበከለ ጊዜ፣ ዝቃጩ ከላይኛው አፈር ጋር ተጠርጎ እንዲነሳ ተደረገ፤ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ የቀረው ግን ለብዙ ዓመታት ችግር ሆኖ ቆይቷል።

ወርቅ ያለበት ዓለት ብዙ ጊዜ ድኝ የያዙ ማዕድናት አሉበት። እነዚህ ተፈጭተው አየርና ውሃ ሲያገኙ አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱም እንደ እርሳስ፣ መዳብና ካድሚየም ያሉትን ብረታት እያሟሟ ያወጣል። አርሴኒክ የተባለው መርዝም ብዙ ጊዜ ከወርቅ ዓለት ጋር አብሮ ይገኛል። አጣቢዎቹ ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ ተጠቅመው ከሆነ እሱም ይጨመራል። ወርቅን ከዓለት ለማሟሟት የሚያገለግለው ሳያናይድ የተባለ መርዝ በፀሐይና በአየር እየተበታተነ ይጠፋል፤ እነዚህ ብረታት ግን አይበሰብሱም። መርዙ ይበልጥ የሚጣበቀው በደቃቁ ብናኝ ላይ ነው፤ ጎርፍ ሩቅ የሚያደርሰውም ይህንኑ ብናኝ ስለሆነ፣ ጅረቱ ጠርቶ ቢታይም ማሳው ላይ የተኛው ባለበት ይቆያል።

የበቆሎው መገርጣት ብቻውን መመረዙን አያረጋግጥም፤ ደለሉ ሥሩን አፍኖት ወይም ናይትሮጅን አንሶት ሊሆን ይችላል። ይበልጥ የሚያሰጋኝ ተቃራኒው ነው፤ ካድሚየም ተክሉን ሳይጎዳ ለሚበላው ሰው በሚያሰጋ መጠን ሊጠራቀም ስለሚችል፣ ለምልሞ የታየ ጎመን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ቅጠላ ቅጠል ከእህል ፍሬ ይበልጥ እነዚህን መርዛማ ብረታት ይይዛል። ማጠብ ከላይ ያለውን አቧራ ያነሳል እንጂ ውስጡ የገባውን አያወጣም፤ የጅረቱን ውሃ ማፍላትም እነዚህን ብረታት አያስወግድም። ስለዚህ የምርመራ ውጤት እስኪመጣ የጅረቱን ዳር ጎመንና ሽንኩርት ለቤትም ለገበያም አያውሉ።

ከብቶቹን በሚመለከት፣ ውሃውን ብቻ መለወጥ አይበቃም። ከብት ሲግጥ ከሣሩ ጋር አፈር ይውጣል፤ ደለል በተኛበት ቦታ የቀረ አገዳና ቃርሚያም እንዲሁ ነው። ያንን ክፍል በእሾህ አጥር ይከልሉት፤ ውሃም ከቁፋሮው በላይ ካለ ምንጭ ወይም ከጉድጓድ በገንዳ ያቅርቡላቸው። ከብት በድንገት ቢሞት ሥጋው አይበላ፤ ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።

ደለሉን ከግንቦት በፊት ያንሱ። እንዳይቦን በጥቂቱ አርጥበው፣ አፍና አፍንጫ በጨርቅ ሸፍነው፣ ከጅረቱ ርቆ ጎርፍ በማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ ይቅበሩትና ከላዩ በሸክላ አፈር ይድፈኑት። ይህ ሁሉ ድካም ግን ቁልሉ ከላይ እስካለ ድረስ ለአንድ ክረምት ብቻ ነው። ስለዚህ ከማሳው ራስ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ በቦረቦሩ ውስጥ የድንጋይ ክትር፣ ከክትሩ በታች የቬቲቨር ሣር ያስፈልጋል። ቦዩ ጎርፉን ወደ ጎረቤት ማሳ እንዳይጥለው ከቀበሌው ጋር ተመካክሮ መቀየስ አለበት፤ ቁልሉ ከተዳፋቱ እንዲነሳም አብራችሁ ጠይቁ። ክትሩ የያዘው ደለል ወደ እርሻ አይመለስ።

ኖራን በተመለከተ፣ የአካባቢያችሁ አፈር አሲዳማ ስለሆነ እርሳስንና ካድሚየምን በማሰር ሊረዳ ይችላል፤ አርሴኒክን ግን ይበልጥ ሊያላቅቀው ስለሚችል ከምርመራ በፊት አይጨምሩ።

በነገራችን ላይ በመንደሩ የወርቅ ድንጋይ የሚፈጭ የእህል ወፍጮ ካለ እህልዎን ወደዚያ አይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2010 በናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት እርሳስ ያለበት የወርቅ ድንጋይ በየመንደሩ ሲፈጭ በነበረበት ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ተመርዘው ሞተዋል።

ለምርመራው ደለሉን ለብቻ፣ ከሥሩ ያለውን አፈር እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ለብቻ፣ ጎርፍ ካልነካው የማሳዎ ክፍል ደግሞ ለማነጻጸሪያ ሦስተኛ ናሙና ይውሰዱ። እያንዳንዱን ከ10 እስከ 15 ቦታ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መሣሪያ አንስተው ይቀላቅሉ። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሲያስረክቡ «የከባድ ብረታት ምርመራ» መሆኑን በጽሑፍ ይግለጹ፤ የተለመደው የአፈር ምርመራ ስለ ለምነትና አሲዳማነት እንጂ ስለ እርሳስና አርሴኒክ አይናገርም።