የሰፈር መንገድ በጋራ ለማንጠፍ ድጋፍ ከየት ይገኛል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው። የሰፈራችንን 200 ሜትር መንገድ ኮብል ስቶን ለማንጠፍ ገንዘብ እያዋጣን ነው። ቀሪውን ከየት እናግኝ?

መልስ፦ ገንዘቡ በአንድ ሰው እጅ ከሆነ ዛሬውኑ ይውጣ። ኮሚቴ መርጣችሁ ቃለ ጉባኤ ያዙና በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ለዚህ የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋችኋል። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ መሐንዲስ እንዲለካላችሁ አመልክቱ። ባንክ የገባ መዋጮ ከየትኛውም ማመልከቻ በላይ ይናገራል።

የጃፓን ኤምባሲ ለአነስተኛ የማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጠው ድጋፍም አለ። ለግለሰብ ስለማይሰጥ፣ ጥያቄው በማዘጋጃ ቤቱ ወይም በተመዘገበ ማኅበር ስም ይቅረብ። ደመወዝ አይሸፍንም፤ በጀታችሁ ውስጥ አታስገቡት።

ስሌቱ ላይ ተጠንቀቁ። መንገዱ 5 ሜትር ስፋት ካለው 1,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ከድንጋዩ ሥር የሚነጠፈው የ5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ብቻ 50 ሜትር ኩብ ይሆናል። ብዙ ሰፈር የድንጋዩን ዋጋ ይዞ የውሃ መውረጃ ቦዩንና የጠርዝ ድንጋዩን ይረሳል። ጠርዝ ከሌለው ንጣፉ ወደ ጎን ይከፈታል፤ ቦይ ከሌለው ደግሞ የሐምሌ ጎርፍ አሸዋውን ከሥር አጥቦ መንገዱን ያሰምጠዋል። የውሃ ቧንቧ የሚያስገባ ቤት ካለም ከንጣፉ በፊት ያስገባ፤ ተነቅሎ የተመለሰ ድንጋይ እንደ መጀመሪያው አይገጥምም።