ማደንዘዣው ጋዝ የእማዬን ልብ ይጎዳል እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ እናቴ 64 ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት፣ ልቧም ትንሽ ደከም ብሏል ተብላለች፣ በሚቀጥለው ወር የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን አላት። ነርሲንግ የሚማረው ወንድሜ በሚተነፈስ ማደንዘዣ የልብ ሴል ማይቶኮንድሪያ ይዳከማል የሚል ነገር አንብቦ ነገረን፣ ከዛ ወዲህ እማዬ ኦፕራሲዮን የሚባል አልፈልግም ብላ ቁጭ አለች። እውነት ነው? ምን ልበላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ያነበበው እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ላይ ነው ያቆመው። ከልብ ጡንቻ ሴል ሲሶ የሚሆነው ማይቶኮንድሪያ ነው፣ በኦክስጅን እያቃጠለ ኤቲፒ የሚባለውን ጉልበት የሚያወጣው እሱ ስለሆነ ማለት ነው። እነ አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬን የሚባሉት የማደንዘዣ ጋዞች ልብ ጋ ሲደርሱ ኮምፕሌክስ አንድ የሚባለውን የማቃጠያውን መጀመሪያ ትንሽ ያዝ ያደርጉታል፣ በዛው ሪአክቲቭ ኦክስጅን የሚባል ሴል የሚነካካ የኦክስጅን ዓይነት በጥቂቱ ይወጣል፣ ይሄ ሲበዛ ሴል ይገድላል፣ በጥቂቱ ሲሆን ግን ሴሉን ያነቃዋል፦ የማይቶኮንድሪያው የፖታሲየም ቻናሎች፣ ማለትም የፖታሲየም ማለፊያ በሮች፣ ይከፈታሉ፣ ደም ተቋርጦ ሲመለስ ሴሉን የሚጨርሰው የማይቶኮንድሪያው ቀዳዳም ቶሎ አይከፈትም፣ ማለትም ጋዙ ልብን ሊጠብቅም ይችላል።

በ1997 እ.ኤ.አ. ሚልዋኪ፣ አሜሪካ ውስጥ ያለ ቡድን ይህን ውሾች ላይ አይቶታል። አይሶፍሉሬን ሰጥተው አቋረጡ፣ ከዛ የልብ ደም ስር ዘጉ፣ የሞተው የልብ ጡንቻ ጋዙን ካላገኙት ውሾች አነሰ። በጣም ደስ የሚል ግኝት ነበር፣ እኛም ተማሪ ሆነን በጉጉት ነው ያነበብነው። ሰው ላይ ግን ያን ያህል አልሆነም። በ2019 የወጣ ትልቅ ጥናት በ13 አገር የልብ ባይፓስ (ለጠበበ የልብ ደም ስር ሌላ መንገድ የሚሠራበት ኦፕራሲዮን) የተደረገላቸውን 5400 ሰዎች ግማሹን በጋዝ ግማሹን በደም ስር በሚሰጥ ማደንዘዣ ብቻ አስተኝቶ ዓመት ተከታተላቸው፣ የሞቱት 2.8 እና 3.0 ከመቶ ናቸው፣ ያው እኩል ነው። እነዚህ ልባቸው ታሞ ልባቸው ላይ ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው ሰዎች መሆናቸውን ለእማማ ንገሪልኝ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጋዙ ሲበዛ የልብ ምት ጉልበት ይቀንሳል፣ ደም ስር ይላላል፣ ግፊት ይወርዳል። ስለዚህ አይሶፍሉሬን ያለበትን ሐምራዊ ምልክት ያለው ዕቃ ስንከፍት እጃችን መዘውሩ ላይ፣ ዓይናችን የግፊት ቁጥሩ ላይ ነው፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የሚበቃው መጠን ራሱ ይቀንሳል፣ ለ25 ዓመት ልጅ የምንከፍተውን ለእናትሽ አንከፍትም። በተለየ የምንፈራላቸው ከውልደታቸው የኮምፕሌክስ አንድ ችግር ያለባቸው ልጆች ናቸው፣ እነሱ በጣም ትንሽ ጋዝ ነው የሚያስተኛቸው። ቤተሰባችሁ ውስጥ እንደዛ የተባለ ልጅ ካለ ሳትደብቂ ተናገሪ።

እና እማማን ከኦፕራሲዮኑ ቀን በፊት ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር አገናኚያቸው፣ የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤታቸውን ያዢ፣ የሚውጡትን መድሃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል አድርገሽ ውሰጂ፣ ደረጃ ሲወጡ ስንተኛው ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ንገሪው። የግፊት ኪኒኑን የዛን ቀን ጠዋት ይውሰዱ አይውሰዱ ቤት ውስጥ እንዳትወስኑ፣ እሱን ጠይቁት። ወንድምሽም አብሮ ይምጣ፣ ያነበበውን ይጠይቅ፣ እማማም መልሱን እዛው ይስሙት።