በርሜሉ ወርቅ አይወልድም

ሰሞኑን የመልእክት ሳጥኔ በወርቅ ተጥለቅልቋል። በጥያቄው ማለቴ ነው። ባሕር ዳር ራሷ ወርቅ አይወጣባትም፤ ግን በርሜሉ የሚበየደው፣ ሞተሩ የሚገዛው፣ ማኅበሩ የሚደራጀው፣ ብሩም የሚበላው እዚሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ወደ ጎን አድርጌ ስለ ወርቅ ማደባለቂያው በርሜልና ከሱ ጋር ስለሚነሳው ብቻ ልመልስ።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ወርቅ ያዘለ ድንጋይ ይፈጫል፣ ውሃና ሜርኩሪ የሚባለው ብር የሚመስል ፈሳሽ ይጨመርበታል፣ በርሜል ውስጥ ሆኖ ይዞራል። ሜርኩሪ ወርቅ ከነካ ይዞ አይለቅም። ከዚያ ጭቃው ይታጠባል፣ የቀረው በጨርቅ ይጨመቃል፣ ጭምቁ እሳት ላይ ይቀመጣል። ሜርኩሪው ይተናል፣ ወርቁ ይቀራል። ትልልቅ ኩባንያዎች ደግሞ በሜርኩሪ ፈንታ ሳያናይድ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ይጠቀማሉ፣ በርሜላቸውም እንደ ፎቅ የሚረዝም ታንክ ነው።

«ትንሽ የብየዳ ቤት አለኝ። ከመተከል የመጡ ልጆች ከ200 ሊትር በርሜል የወርቅ ማደባለቂያ ሥራልን አሉኝ። ድንጋዩን ከብረት ኳስና ከሜርኩሪ ጋር አንድ ላይ ሊከቱት ነው። በደቂቃ ስንት ዙር ላድርገው? መዞሪያውንስ በነሐስ ብሠራው?» በያጅ፣ ከዓባይ ማዶ

ነሐሱን ተወው። ሜርኩሪ መዳብን፣ ዚንክን፣ ቆርቆሮን (ቲንን)፣ እርሳስን፣ አልሙኒየምን ሁሉ ይበላል። ብረትን ግን አይነካም። ለዚህ ነው በብረት ጠርሙስ የሚጓጓዘው፣ አንዱ ጠርሙስ 34.5 ኪሎ ገደማ እየያዘ። ስለዚህ ላሜራው፣ ክዳኑ፣ ቡሎኑ ብረት ይሁን። ኩሺኔታው ከበርሜሉ ውጭ ይቀመጥ። ግሪስ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ጓርኒሲዮኑን በደንብ አጥብቀው፤ ዘይት የነካው ሜርኩሪ ላዩ ይሸፈንና ወርቁን እየነካ ሳይዘው ያልፋል።

ዙሩን በሒሳብ እንሥራው። ማንኛውም በርሜል ከአንድ ፍጥነት ካለፈ ውስጡ ያለው ነገር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አብሮ ይሽከረከራል። መፍጨትም መደባለቅም ያበቃል። ያንን ፍጥነት ለማግኘት የበርሜሉን ስፋት (ዲያሜትሩን) በሜትር ለካ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጣ፣ 42.3ን ለሱ አካፍል። ያንተ በርሜል ስፋቱ 57 ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ 56 ዙር ይመጣል። በኳስ ለመፍጨት ከዚህ ከ65 እስከ 75 በመቶው ነው የሚፈለገው፣ ማለትም ከ36 እስከ 42 ዙር። ሞተርህ በደቂቃ 1450 ዙር ከሆነ ወደ 40 እጥፍ ማውረድ አለብህ። ይሄ በፑሌጃና በቺንጋ ብቻ አይሆንልህም፣ ጊር ቦክስ ፈልግ።

አሁን ወደማትወደው ክፍል ልምጣ። ኳስና ሜርኩሪ አንድ በርሜል ውስጥ አይገቡም። ኳሱ ድንጋዩን ሲፈጭ ሜርኩሪውንም አብሮ ይፈጨዋል። በዓይን የማይታይ ነጠብጣብ ይሆንና ተመልሶ አይያያዝም። ሲታጠብ ከጭቃው ጋር ይሄዳል፣ የያዘውንም ወርቅ ይዞ ይሄዳል። ኮሎምቢያ ውስጥ በዚህ ዓይነት ትንንሽ በርሜል የሚሠሩ ሰዎች ካስገቡት ሜርኩሪ ግማሽ ያህሉ እንደሚጠፋ ታይቷል። ልጆቹ ለሜርኩሪው ከፍለው፣ ወርቁን አጥተው፣ ወንዙን መርዘው ይመለሳሉ ማለት ነው።

ደግሞ የሚናማታ ስምምነት የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ የዋለ፣ ሜርኩሪን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። በወርቅ ሥራ ላይ ይቅሩ ብሎ ለይቶ የጠቀሳቸው አራት ነገሮች አሉ፦ ያልተለየውን ድንጋይ በሙሉ ከሜርኩሪ ጋር ማደባለቅ፣ ጭምቁን ያለ መያዣ ማቃጠል፣ መኖሪያ አካባቢ ማቃጠል፣ ሜርኩሪ የነካውን አፈር ሳያጸዱ ሳያናይድ ውስጥ መክተት። ልጆቹ ያዘዙህ የመጀመሪያውን ነው።

እኔ ብሆን ያንኑ በርሜል ያለ ሜርኩሪ ወፍጮ ብቻ አድርጌ እሠራላቸው ነበር። ከሱ ቀጥሎ የሚነቀነቅ ጠረጴዛ ወይም ምንጣፍ የተነጠፈበት የእንጨት ቦይ። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፣ ተራው ድንጋይ ከሦስት እጥፍ አያልፍም፤ ውሃው ራሱ ይለይላቸዋል። መጨረሻ ላይ ከቶኑ ሁሉ አንድ እፍኝ ጥቁር አሸዋ ይቀራል። እሱን በገበቴ አጥርቶ ቦራክስ በሚባል ጨው መሳይ ዱቄት ማቅለጥ ይቻላል፣ ፊሊፒንስ ውስጥ ቤንጌት የሚባል ቦታ ያሉ ቆፋሪዎች እንዲህ ነው የሚሠሩት። የግድ ሜርኩሪ ካሉ እንኳ ለእፍኝ አሸዋ የሚበቃው ጥቂት ነው። ለአንተም ቢሆን ይሻላል፣ ሁለት ዕቃ ትሸጣለህ።

«ባለቤቴ ለሥራ ሄዶ ሲመለስ ያን ብርማ ጭምቅ ይዞ ይመጣና ቤት ውስጥ ከሰል ምድጃ ላይ ያቃጥለዋል። ሽታ የለውም፣ ምን ይሆናል ይለኛል። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ።» ስሟ እንዲቀር የጠየቀች እህት

እህቴ፣ ይሄ ዛሬውኑ ይቁም። ነገ አይደለም።

ሽታ የለውም ያለው እውነቱን ነው፣ ክፋቱም እሱ ነው። ሜርኩሪ 357 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ከሰሉ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ጭምቁ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ስለሆነ ያ ሁሉ ወደ አየር ይወጣል። በሳንባ ይገባል፣ ወደ ፅንሱም ያልፋል፣ የሚጎዳውም አንጎሉን ነው። የቀረው ግድግዳው ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ ጋቢው ላይ ያርፍና ቤቱ ሲሞቅ ደግሞ ይነሳል። መስኮት መክፈት አይበቃም።

ለእርግዝና ክትትል ስትሄጂ ለባለሙያዋ ሳትደብቂ ንገሪያት። እሱም ይመርመር፦ እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለው፣ ያለ ምክንያት የሚቆጣ ከሆነ፣ ድዱ ካበጠ፣ አመሉ ተለወጠ ብለሽ ዝም አትበይ። የፈሰሰ ነጠብጣብ ካለ በመጥረጊያ አትጥረጊው፣ ይበታተናል፤ አንቺም ራቂ፣ እሱ በወፍራም ወረቀት እየገፋ ሰብስቦ ክዳን ባለው ዕቃ ይዝጋው። ያ ምጣድ ወይም ድስት ለምግብ አይመለስ። የሥራ ልብሱም ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ።

ለእሱ ደግሞ ይህን አንብቢለት። ወንድሜ፣ የምታቃጥለው ገንዘብህን ነው። ክዳኑ ግጥም የሚል የብረት ጽዋ አሠራ፣ ከክዳኑ ቁልቁል የሚወርድ የብረት ቱቦ ይኑረው፣ ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዘው። እንፋሎቱ ቱቦው ውስጥ ተመልሶ ሜርኩሪ ይሆንና ከታች ባለው ውሃ ዕቃ ይንጠባጠባል። የቱቦው ጫፍ ግን ውሃው ውስጥ እንዳይሰምጥ፣ ከላዩ ትንሽ ከፍ ይበል። ከሰመጠ እሳቱ ሲበርድ ውሃውን ይስብና የጋለው ጽዋ ይፈነዳብሃል። ይህም ቢሆን ሜዳ ላይ፣ ከሰው ርቆ ነው። ሚስትህ ባለችበት ግቢ በጭራሽ።

«አምስት ሆነን ተደራጅተናል። በቴሌግራም አንድ ነጋዴ 99 በመቶ ወርቅ ያወጣል የሚለውን ማደባለቂያ ሊሸጥልን ነው። 200 ኪሎ በአንድ ጊዜ ይይዛል። ያዋጣል?» ከቀበሌ 14

99 በመቶ የምን? ድንጋያችሁ በቶን 5 ግራም ወርቅ አለው እንበል። ይሄ መጥፎ ድንጋይ አይደለም፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ከዚህ ባነሰም ይሠራሉ። 200 ኪሎ ማለት የቶን አንድ አምስተኛ ነው። ስለዚህ በአንድ ሙሌት ውስጥ ያለው ወርቅ በጠቅላላ 1 ግራም ነው። ማሽኑ ተአምር ቢሠራ ከ1 ግራም በላይ አያወጣም፣ ከሌለበት አያመጣማ። አሁን የጀነሬተሩን ናፍጣ፣ የፈጪውን፣ የጫኚውንና የውሃውን ወጪ ለዚያች ግራም አካፍሉና ሻይ እየጠጣችሁ ተነጋገሩበት።

ሌላው፣ ማዞር ብቻውን ምንም አያመጣም። ወርቁ ከድንጋዩ ካልተላቀቀ፣ ወይም ፓይራይት በሚባል ወርቅ መሳይ ማዕድን ውስጥ ተቀብሮ ካለ፣ ሜርኩሪ አይደርስበትም፤ ሳምንት ቢያዞሩትም ያው ነው። ስለዚህ ነጋዴው ጋ የራሳችሁን ድንጋይ ይዛችሁ ሂዱና ማሽኑን ፊት ለፊታችሁ ያሠራው። የራሱን ናሙና አትቀበሉ፣ ወርቅ የተነሰነሰበት አሸዋ ማዘጋጀት ለሌባ ከባድ አይደለም። የወጣውን ብቻ ሳይሆን የተጣለውን ጭቃ ጭምር ላቦራቶሪ አስመርምሩ፣ 99 በመቶው የሚጋለጠው እዚያ ነው። እምቢ ካለ ተነስታችሁ ውጡ። የማምረት ፈቃዱንም ከማሽኑ በፊት ጨርሱ።

«የሳያናይድ ታንክ ለምን ሁልጊዜ ይማሰላል? ተቀላቅሎ ዝም ብሎ ቢቀመጥስ?» ተማሪ፣ ከፖሊ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙዎች ለመደባለቅ ብቻ ይመስላቸዋል። መልሱ ኦክስጅን ነው። አራት አቶም ወርቅ ለማሟሟት ስምንት ሳያናይድና አንድ ሞለኪውል ኦክስጅን ይፈለጋል። ሳያናይዱን ትጨምረዋለህ፣ ኦክስጅኑ ግን ውሃ ውስጥ የሚሟሟው በጥቂቱ ነው። ባሕር ጠለል ላይ በ25 ዲግሪ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ነው። እኛ 1800 ሜትር ላይ ስላለን ወደ 7 ይወርዳል። ታንኩ ዝም ካለ ያቺ ታልቅና ሥራው ይቆማል፣ ዱቄቱም ይዘቅጣል። ለዚህ ነው መቅዘፊያው የሚዞረውና አየር ከታች የሚነፋው። ሳያማስሉ ድንጋዩን ከምሮ ሳያናይዱን ከላይ ማንጠባጠብም አለ፣ ግን በታንክ በአንድ ሁለት ቀን የሚያልቀው ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል።

ታሪኩን ለወደደ፦ ዘዴውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1887 ግላስጎ ላይ ማክአርተርና ሁለቱ የፎረስት ወንድማማቾች ናቸው። በአየር የሚማሰለው፣ ታቹ እንደ ፈነል የጠበበው ረጅም ታንክ ደግሞ በሜክሲኮዋ ፓቹካ ስም ይጠራል። የሚገርመኝ እዚያው ፓቹካ እ.ኤ.አ. በ1554 ባርቶሎሜ ደ ሜዲና የብር ድንጋይን ከሜርኩሪና ከጨው ጋር ሜዳ ላይ አንጥፎ የማውጣት ዘዴ መጀመሩ ነው፤ በኋላ ጭቃውን በቅሎዎች ይረግጡት ጀመር፣ ልክ እኛ አገር በሬ ውድማ ላይ ጤፍ እንደሚያበራየው። ሳምንታት ይወስድ ነበር። በ1860ዎቹ ኔቫዳ ላይ በእንፋሎት የሚሞቅ የብረት ገበታ ሠርተው ወደ ሰዓታት አወረዱት። ማሽን ዋጋ ያለው እንዲህ ሲሆን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ታንኩ ኖራ የሚጨመርበት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ10 በላይ እንዲሆን ነው። ከወረደ ሳያናይዱ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ የሚገድለውም በደቂቃዎች ነው። ጓሮ ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም።

«ዓሣ እሸጣለሁ። የወርቁ ወሬ ከተነሳ ወዲህ ደንበኛ ሁሉ ቆሮሶውን እያገላበጠ ሜርኩሪ የለውም ወይ ይለኛል። ምን ልበል?» ከጣና ዳር

ካርታውን አሳይያቸው። ዓባይ ከጣና ይወጣል እንጂ ወደ ጣና አይገባም። የመተከልና የአሶሳ ወርቅ ያለው ወደ ታች ነው፣ መሐል ላይም ጢስ ዓባይ አለ። የዚያ አካባቢ ጭቃ ፏፏቴውን ወጥቶ አይመጣም።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። አንዱ በርሜሉን «ልሞክረው» ብሎ ሐይቁ ዳር አዙሮ ጭቃውን ደንገሉ ውስጥ ቢደፋው ያ የኛው ይሆናል። ጣና ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ዳር ያለው ጭቃ ውስጥ ባክቴሪያዎች ሜርኩሪውን ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባል የባሰ መርዝ ይለውጡታል፣ እሱ ከትንሹ ዓሣ ወደ ትልቁ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ቆሮሶ አብዛኛው ምግቡ አልጌ ስለሆነ የሚጠራቀምበት ያንሳል፤ ዓሣ የሚበሉት እነ ባርቦ ናቸው የሚብስባቸው። ጃፓን ሚናማታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1956 የታወቀው በሽታ ከፋብሪካ ፍሳሽ ነው የመጣው፣ ሰዎቹን ያገኛቸው ግን በዓሣው በኩል ነው። እንዲህ የሚያደርግ ካየሽ ጩኺ፣ ገበያሽ ነው።

«ቀይ ሜርኩሪ አለን የሚሉ ሰዎች አሉ። ወርቅ ከድንጋይ በጠረኑ ይስባል ይላሉ። እውነት ነው?» ከሽምብጥ

ውሸት ነው። ቀይ የሆነ የሜርኩሪ ማዕድን አለ፣ ሜርኩሪና ድኝ ነው፣ ወርቅ አይስብም። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳውዲ ውስጥ አሮጌ የሲንገር ስፌት መኪና ውስጥ ይገኛል ተብሎ የመኪናው ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። የእናትህን ስፌት መኪና እንዳትፈታባቸው።

«ከዘጌ መንገድ ዳር የሚያብለጨልጭ ቢጫ ድንጋይ አግኝቻለሁ። ፎቶውን ልኬልሃለሁ።» ከፋሲሎ

የጣና ዙሪያ አለት በአብዛኛው ባዛልት ነው፣ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው። የአገራችን ወርቅ የሚገኘው ከዚያ በብዙ በሚያረጁ አለቶች ውስጥ ነው፣ እንደ ጉጂ፣ አሶሳና መተከል ያሉ ቦታዎች። በፎቶ ምንም አይታወቅም፣ ግን አንዷን ብልጭታ ብረት ላይ አድርገህ በመዶሻ ምታት። ከተሰባበረችና የክብሪት ሽታ ከሸተተህ ፓይራይት ናት። ከተጠፈጠፈች ለማንም ሳትናገር ጻፍልኝ።