ቴሲስሽን ከማስጠረዝሽ በፊት የላፕቶፕሽን ሰዓት እዪ

«ጅማ ነው ያለሁት፣ ቴሲሴን በላቴክ እየጻፍኩ ነው። ሰባት ምዕራፍ አለው። በየጊዜው አራት ትእዛዝ መደርደር ሰለቸኝ፣ ሪፈረንሱም አንዳንዴ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። የሚሠራ ሜክፋይል ያለው ያካፍለኝ» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ።

አለኝ። ግን አልሰጥሽም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ረዘም ስለሚል ታገሺኝ። (ለማያውቅ፦ ላቴክ በተራ ፋይል የተጻፈን ጽሑፍ በትእዛዝ ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። ሜክፋይል ደግሞ ሜክ የሚባለው መሣሪያ ትእዛዞቹን በተራ እንዲያስኬድ የሚጻፍለት ፋይል ነው።)

1. ስለ ጥያቄ ምልክቱ። ላቴክን ስታስኬጂ የመጀመሪያው ዙር የጠቀስሻቸውን ምንጮች ረዳት ፋይል ላይ ይመዘግባል። ቢብቴክ የሚባለው ፕሮግራም ያንን አንብቦ የምንጮቹን ዝርዝር ያዘጋጃል። ሁለተኛው ዙር ዝርዝሩን ያስገባል፣ ሦስተኛው ቁጥሮቹን ቦታ ቦታ ያሲዛል። አንዱን ከዘለልሽ ጥያቄ ምልክት ነው። ይኼን ሳታውቂው አትቀሪም፣ እለፊው።

2. ሜክፋይል በእጅ የምትጽፊ ከሆነ ከትእዛዙ በፊት ያለው ክፍተት ታብ መሆን አለበት። ስፔስ ከሆነ «ሚሲንግ ሴፓሬተር» ብሎ ይቆማል። እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ የሄደብኝ በዚህ ነው። ሜክፋይሉን ከቴሌግራም ኮፒ አድርጌ ነበር፣ ታቡ መንገድ ላይ ስፔስ ሆኖ መጣ። የማጽጃ ትእዛዝ ስትጽፊ ደግሞ «ቴሲስ ነጥብ ኮከብን አጥፋ» እንዳትዪው። ኮከቧ ረዳት ፋይሎቹን ብቻ አይደለም የምትወስደው፣ ዋናውን ጽሑፍሽንም ይዛ ትሄዳለች። አንድ የዶርም ጓደኛዬ እንዲያ አድርጎ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰም።

3. ሜክ የሚያየው ሰዓት ብቻ ነው። ፋይሉ ውስጥ ምን እንደተጻፈ አያነብም። ፒዲኤፉ ከጽሑፉ ፋይል በኋላ የተሠራ ከመሰለው «አፕ ቱ ዴት ነው» ይልሽና እጁን ያጣጥፋል። እኔን የበላኝ ይኼ ነው።

ላፕቶፔ ሰከንድ ሃንድ ነው፣ ያንቺም መሆኑ አይቀርም። ትልቁ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ ቻርጀሩ ከተነቀለ እዚያው ድርግም ይላል። ውስጡ ደግሞ ሳንቲም የምታህል ሌላ ባትሪ አለች። ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ሰዓት የምትቆጥረው እሷ ናት። እሷም በዚያ ሰሞን ሞታ ኖሯል። ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ሰዓቱን ራሱ ስለሚያስተካክል አላወቅኩም።

ዲፌንስ አልፌ ኤግዛሚነሮቹ ያዘዙትን ማስተካከያ የምጨርስበት የመጨረሻ ሌሊት ነው። እዚያው ጅማ፣ ቆቺ ሰፈር የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። አሥራ አንድ ላይ መጣ። ኔትወርኩ ግን አልመጣም። ላፕቶፑን ስከፍት ስክሪኑ ጥግ ላይ ዓመቱ 2009፣ ወሩ ጃንዋሪ፣ ቀኑ 1 ይላል። ይኼን ያየሁት በኋላ ነው፣ ያኔ ዓይኔ ቀልቶ ስለነበር የስክሪን ጥግ የሚያይ ሰው አልነበረም። አራተኛውን ምዕራፍ ከፈትኩ፣ ሰንጠረዥ 4.3ን አስተካከልኩ፣ ከሥሩ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፣ ሴቭ አደረግኩ። ሜክ ብዬ ጻፍኩ። «አፕ ቱ ዴት» አለኝ። እኔም እንደ ምስጋና ተቀበልኩት።

ገባሽ? አዲሱ ጽሑፌ የ2009 ፋይል ሆነ፣ የማታው ፒዲኤፍ የዚያን ቀን። ለሜክ ፒዲኤፉ ከጽሑፉ በብዙ ዓመት አዲስ ነው። ምን ይሥራ?

ጠዋት በባጃጅ መርካቶ ወርጄ አምስት ኮፒ አስጠረዝኩ። ጠንካራ ሽፋን፣ የወርቅ ቀለም ጽሑፍ። አድቫይዘሬም አምስቱ ላይ ፈረሙ። ፒዲኤፉን ፕሪንት ቤቱ ውስጥ ከፍቼ ያየሁት የሽፋን ገጹንና ማውጫውን ብቻ ነበር።

ጥራዞቹን ላስረክብ የሄድኩበት ቢሮ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ከመስታወቱ ጀርባ የነበሩት ሰውዬ የማስተካከያ ዝርዝሩን ፊታቸው ዘርግተው በቀጥታ ገጽ 61 ላይ ሄዱ። «ይኼ አልተነካም» አሉ። ተስተካክሏል አልኩ። ማልኩ። ላፕቶፑን ከፍቼ ላሳይዎት፣ ሶኬት ይፍቀዱልኝ ብላቸው «ሶኬቱ የሠራተኛ ነው» አሉኝ። ኮሪደር ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ሶኬት አሳየችኝ፣ እሷን እግዜር ይስጣት። ሰክቼ፣ ከፍቼ፣ ሰውዬውን ለምኜ አወጣኋቸው። ጽሑፉ ላይ ሰንጠረዡ ተስተካክሏል። ወረቀቱ ላይ አልተስተካከለም። ስክሪኑን በቅጡ ሳያዩት «እኛ የምንረከበው ወረቀት ነው። ሰኞ ና» ብለው ገቡ። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ልክ ናቸው እኮ። ልክ መሆናቸው ነው እስካሁን የሚያናድደኝ።

የጠረዘልኝ ሰውዬ አንዷን ቅጠል ቆርጬ በአዲስ ልተካት አለኝ። ደግ ሰው ነው። ግን የጨመርኩት አንቀጽ ጽሑፉን ወደፊት ገፍቶታል፣ ከ61 በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ በአንድ ተንሸራቷል፣ ማውጫውም አብሮ። አምስቱም እንደገና ታተሙ። አድቫይዘሬ ፊልድ ወጥተው ስለነበር ለፊርማው ሌላ ሳምንት ጠበቅኩ። ገንዘቡን ከእህቴ ተበደርኩ። እስካሁን በየበዓሉ ታነሳብኛለች።

ኋላ ሳነብ ያገኘሁት ነገር ደግሞ አሳቀኝም፣ አበሸቀኝም። ሜክን በፈረንጆቹ 1976 ቤል ላብስ ውስጥ የሠራው ስቱዋርት ፌልድማን ነው። የሠራውም አንድ የሥራ ባልደረባው ስህተቱን አርሞ፣ የታረመውን ፋይል ኮምፓይል ሳያደርግ (ወደሚሠራ ፕሮግራም ሳይቀይር) ቀርቶ፣ አንድ ጠዋት ሙሉ ትክክለኛ ፕሮግራም ላይ ስህተት ሲፈልግ ስለዋለ ነው። ማለትም መሣሪያው የተፈጠረው ልክ እንደኔ ያለ ሰው እንዳይቃጠል ነው!

4. ስለዚህ በሜክፋይል ፋንታ ላቴክኤምኬ የሚባለውን ፕሮግራም ተጠቀሚ። ስንት ዙር እንደሚያስፈልግ ራሱ ይቆጥራል፣ ቢብቴክንም ሲያስፈልግ ራሱ ይጠራል። የትኞቹን ምዕራፎችና ሥዕሎች እንዳስገባሽ ራሱ ይከታተላል፣ ሰባቱንም ምዕራፍ አንድ በአንድ መዘርዘር የለብሽም። ፋይሉ ባለፈው ከመዘገበው ሰዓት ወይም መጠን ከተለየበት የይዘቱን አሻራ ያመሳክራል። ሰዓትሽ ወደ ኋላ ቢሄድም ይነቃል።

ዊንዶውስ ላይ ከሆንሽ ልብ በዪ። ላቴክኤምኬ የተጻፈው ፐርል በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ማይክቴክ የሚባለውን የላቴክ ጥቅል ከጫንሽ ፐርልን ለብቻው መጫን አለብሽ። ሌላው ጥቅል፣ ቴክላይቭ፣ ግን ይዞት ይመጣል። ማይክቴክ የጎደለውን ፓኬጅ ሲፈልግ ከኢንተርኔት ያወርዳል፣ እኛ ኔትወርክ ጋ ደግሞ ያ በሌሊት ለቅሶ ነው። ሙሉ ቴክላይቭን ከያዘ ሰው በሃርድ ዲስክ ተቀበዪ፣ ጊጋው ብዙ ነው ግን አንዴ ነው።

ለማጽዳትም ላቴክኤምኬ ሁለት የ«ሲ» ፊደል ትእዛዝ አለው። ትንሿ ሲ ረዳት ፋይሎቹን ብቻ ታጠፋለች፣ ትልቋ ፒዲኤፉንም ትጨምራለች። ሁለቱም ጽሑፍሽን አይነኩም። ኮከብ የለ፣ ጾም የለ።

5. አማርኛ አብስትራክት ካለሽ በዚላቴክ (ግዕዝ ፊደልን በሚያስተናግደው የላቴክ ዓይነት) ነው የምትሠሪው። የላቴክኤምኬ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ፒዲኤፍ ሞድን 5 አድርጊው፣ ያ ዚላቴክ ማለት ነው። ፎንቱን አቢሲኒካ ብዪው ወይም ኖቶ፣ ብቻ ግዕዝ ፊደል ያለው ይሁን። የሌለው ከሆነ ፊደሎቹ ባዶ ቦታ ወይም ሳጥን ሆነው ይወጣሉ። ኮምፓይሉ አይቆምም፣ «ሚሲንግ ካራክተር» የምትል መስመር ሎጉ (የሥራ መዝገቡ) ውስጥ ትቀበራለች እንጂ። እኔ አሁን ላቴክኤምኬ ሲጨርስ ሎጉን የምትፈትሽ አጭር ስክሪፕት አለችኝ። «ሚሲንግ ካራክተር» ወይም «አንዲፋይንድ» የሚል ቃል ካገኘች ፒዲኤፉን ወደ ማተሚያ ፎልደር አታስገባውም። ፍላሽ ላይ የምገለብጠው ከዚያ ፎልደር ብቻ ነው። ከእኔ ኋላ የመጡ ሦስት ልጆች ወስደዋታል፣ አንዳቸውም ሁለት ጊዜ አላስጠረዙም።

ሌላም አላት። በእያንዳንዱ ድራፍት ግርጌ የጊቱን (የፋይል ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም) አጭር መለያ ታትማለች። አድቫይዘሬ «ይኼ የትኛው ነው?» ሲሉኝ ግርጌውን አይቼ እነግራቸዋለሁ። ቀን አላስገባሁባትም። የዚያን ላፕቶፕ ቀን ማን ያምናል?

ስክሪፕቷን ነገ ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ እለቃታለሁ። እስከዚያ ግን ላፕቶፕሽን አጥፊ፣ ቻርጀሩን ንቀዪ፣ ቆይተሽ ሰኪው፣ ዋይፋይ ሳትከፍቺ መልሰሽ አብሪና ጥግ ላይ ያለውን ቀን እዪ። ወደ ኋላ ከሄደ የባትሪዋ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ሲአር2032 ነው። እኔ መርካቶ አንድ ሰዓት ሠሪ ጋ አገኘኋት። የላፕቶፕ ስትሆን ሽቦ ስላላት አሮጌዋን አስወጥተሽ ይዘሻት ሂጂ፣ አለበለዚያ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ይሰጥሻል።