ለሞዴል ባቡር የትኛው ሐዲድ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለ9 ዓመት ልጄ ባቡር ልገዛለት ነው። ከየትኛው ሐዲድ ልጀምር?

እህቴ፣ መጀመሪያ ጠረጴዛሽን ለኪ። ኤች ኦ የሚባለው መጠን ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል። በጠባቡ ኩርባ እንኳ ሙሉ ክብ ለማዞር 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል። ቦታ ከጠበበ ኤን የሚባል አነስ ያለ መጠን አለ፤ የሐዲዱ ስፋት 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ለልጅ እጅ ግን ኤች ኦ ይመቻል። ምንጣፍ ላይ አይዘርጋው፤ ክሩ ሞተሩ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ ኮድ 100 እና ኮድ 75 ምንድን ናቸው?

የሐዲዱ ብረት ቁመት ነው፣ በኢንች ሺኛ ሲለካ። ኮድ 100 ማለት 2.54 ሚሊ ሜትር ነው። ኮድ 75 ቀጠን ስለሚል ለዓይን ያምራል። የድሮ ባቡሮች ግን ከሐዲዱ እንዳይወጡ የሚይዛቸው የጎማቸው ከንፈር ረዘም ስለሚል እሱ ላይ ይንገጫገጫሉ። ያገለገለ ባቡር ካለህ ኮድ 100 ውሰድ።

ጥያቄ፦ የናስ ሐዲድ በርካሽ አገኘሁ። ልግዛ?

ተወው። ናስ ቶሎ ይጠቁራል፣ ኤሌክትሪክ ማሳለፍም ያስቸግረዋል። ኒኬል ሲልቨር የሚባለው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ይሻላል። በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍገው፤ ጭረቱ ቆሻሻ ይይዛል። አልኮል የነካ ጨርቅ ይበቃል።

ጥያቄ፦ አባቴ ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር። የድሮውን የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር መሥራት እፈልጋለሁ።

እንዴት ደስ የሚል ሐሳብ ነው! አደራ፣ የተለመደውን ባለ 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት የኤች ኦ ሐዲድ እንዳይገዙ። እሱ የሚወክለው 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን መስመር ነው። ለአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው ሐዲድ ግን ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ገበያ ላይ ያለው 12 ነው። ኤች ኦ ኤም ብለው ይጠይቁ። ስዊዞች ብዙ የተራራ መስመራቸው 1 ሜትር ስለሆነ እነሱ ዘንድ አይጠፋም።

ቲቲ ተብሎ የሚሸጥ ባለ 12 ሚሊ ሜትርም አለ። ባቡሩ ይሄድበታል። ከሐዲዱ ሥር ያሉት አግዳሚዎች ግን ለሌላ መጠን የተሠሩ ናቸው፤ መልኩን ያበላሽብዎታል።

የአባትዎ የድሮ ፎቶ ካለ ያውጡት። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 1 ሜትር መሆኑን ያውቃሉ፤ የአግዳሚዎቹን ርዝመት በዚያ መገመት ይችላሉ።