ስሟ ቺንቺላ፣ ዘሯ ጥንቸል

ጥያቄ፦ «በአዳማ ዳርቻ ሽንኩርትና ቲማቲም አመርታለሁ። ባለፈው መስከረም ለልጆቼ ‹ቺንቺላ› የተባሉ ግራጫ ጥንቸሎች፣ አንድ ወንድና አንድ ሴት፣ ከአንድ እናት የተወለዱ ገዛሁ። ሁለቱም በአንድ የቆርቆሮ ቤት ይኖራሉ። ጥር ላይ ሰባት ወለደች፤ ቀኑን ሙሉ ስላላጠባቻቸው የላም ወተት ብንሰጣቸውም በሦስት ቀን አለቁ። ይኸው ሚያዝያ ገባ፣ ዳግመኛ አላረገዘችም። ልጄ ኢንተርኔት ላይ የቺንቺላ እርግዝና 111 ቀን እንደሆነና ገላዋን በአቧራ እንደምታጸዳ አነበበልኝ። እርባታውን ላስፋፋ አስቤአለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ልጅዎ ያነበበው ትክክል ነው፤ የተጻፈው ግን ስለ ሌላ እንስሳ ነው። እውነተኛዋ ቺንቺላ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የምትገኝ፣ ፀጉረ ወፍራም ትንሽ እንስሳ ናት። 111 ቀን አርግዛ አንድ ሁለት ልጅ፣ ዓይናቸው የተከፈተ፣ ፀጉር የለበሱ ትወልዳለች። የብርድ አገር ፍጥረት ስለሆነች የአዳማን የመጋቢት ቀትር አትችለውም። የእርስዎዎቹ ፀጉራቸው እሷን ስለመሰለ ብቻ ስሟን የወሰዱ ጥንቸሎች ናቸው፤ ዝርያው የወጣው ከፈረንሳይ ነው። የአቧራውን ነገር ይተዉት። እርግዝናቸውም 31 ቀን ግድም ነው።

ስለሞቱት ልጆች እናቲቱን አይውቀሷት። ጥንቸል የምታጠባው በቀን አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ፣ ለሦስት አራት ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ ራቅ ብላ ትቀመጣለች፤ አዳኝ ወደ ጎጆዋ እንዳይሳብ ከዱር ይዛው የመጣች ጠባይ ነው። መጥባታቸውን ለማወቅ ጠዋት አንዱን መዳፍዎ ላይ ገልብጠው ሆዱን ይመልከቱ። ከጠባ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ በስሱ ቆዳ ሥር ነጩ ወተት ይታያል፤ ካልጠባ ቆዳው ተጨማዶ ሆዱ ይሟሽሻል። የላም ወተት ከጥንቸል ወተት ጋር ሲነጻጸር ውሃ ነው፤ አያሳድጋቸውም። መውለጃ ሣጥን ስላልጠቀሱልኝ እንዳልነበራት እገምታለሁ። ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ የተወለዱ ልጆች በጥር ሌሊት ያለ ጎጆ ሲያድሩ የሚገድላቸው ከረሃብ ይልቅ ብርድ ነው።

አሁን ያላረገዘችው ደግሞ በሌላ ምክንያት፣ በሙቀት ይመስለኛል። ጥንቸል እንደኛ አታልብም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው በዋናነት በጆሮዎቿና በትንፋሿ ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ ትጨነቃለች፣ ከ35 በላይ ልትሞትም ትችላለች። ወንዱ ብዙ ሙቀት ካገኘው ዘሩ ስለሚደክም፣ ሙቀቱ ካለፈ በኋላም ሁለት ወር ያህል ሴቷን ቢያጠቃት፣ ማለትም ቢገናኛት፣ ላታረግዝ ትችላለች። ቆርቆሮ ያለበት ቤት ቀትር ላይ ምጣድ ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር ያዛውሩት፤ ክዳኑን ሣር ያድርጉት፣ ካልሆነም በቆርቆሮው ላይ ሸምበቆና ሣር ወፈር አድርገው ይደርድሩበት። የአዳማ ነፋስ ተርባይን የሚያዞር ነፋስ ስለሆነ በሚመጣበት በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ሽቦ ይሁን። ቀትር ላይ ውሃው በረዶ የሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቢያስገቡላቸው ተደግፈውት ሲተኙ ያያሉ።

ሁለቱ በአንድ ቤት መኖራቸውም ስህተት ነው። ወንዱ በወለደች በሰዓታት ውስጥ ያጠቃታል፤ እያጠባች ታረግዝና አካሏ ይጎዳል። ለእያንዳንዳቸው ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክፍል ይሥሩ። ወለሉ ሽቦ ከሆነ በአንድ ጥግ ጣውላ ያንጥፉ፤ አለዚያ የኋላ እግራቸው ሥር ይቆስላል። ምግባቸው በአብዛኛው ደረቅ ሣር ይሁን፤ አልፋልፋ የተባለውን የመኖ ተክል ግን እርጥቡን አጠውልገው ጥቂት ጥቂት ይስጡ።

ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው ብለዋል። እንግዲያው ይህን ወንድ ዳግመኛ አያስጠቁባት፤ ከሌላ አርቢ ይለውጡት።

ስለ ማስፋፋቱ ግን እቅጩን ልንገርዎ። ብዙ ሰው ጥንቸል አይበላም፤ የኦርቶዶክስ ምእመናን በሃይማኖታቸው፣ ሌሎችም በልማድ ይተዉታል። ለመዝናኛ የሚገዛው ደግሞ ጥቂት ነው። በዓመት አራት ጊዜ ብትወልድ ከ20 በላይ ጥንቸል እጅዎ ላይ ሊቀር ይችላል። ገዢ ሳያገኙ አያስጠቁ። ፍጉን ግን አይጣሉት፤ ለሽንኩርትዎ የተመረጠ ነው።

ገዢ ከተገኘም እስከ መስከረም ይታገሡ። ሴቷን ወደ አዲሱ ወንድ ክፍል ይውሰዷት እንጂ እሱን ወደ እሷ አያምጡት፤ ክልሏን ስለምትጠብቅ ትነክሰዋለች። መስከረም 15 ቢገናኙ፣ ጥቅምት 13 ላይ ርዝመቱ 40፣ ወርዱና ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን የጤፍ ጭድ ሞልተው ያስገቡላት። ከደረቷ ፀጉር እየነቀለች ጭዱ ላይ ስትጎዘጉዝ ካዩ መውለጃዋ ደርሷልና ልጆቹ አጠገቧ አይንጫጩ።