«ሞራው ይብሰል» እስከ መቼ? ጥያቄና መልስ

ዓይን ሕክምና ክፍል ውስጥ ዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ስለ ወላጆቻችሁ የዓይን ሞራ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹ እነሆ።

ሲስተር፣ አባቴን «ሞራው ሲበስል ተመለሱ» ብለውት ነበር። አሁንም እንጠብቅ?

አትጠብቁ። ምክሩ ከድሮው የቀዶ ጥገና ዘዴ የቀረ ነው። ዛሬ መለኪያው የአባትህ ኑሮ ነው። ብር መለየት፣ ደረጃ መውረድ፣ የሰው ፊት ማወቅ ካስቸገራቸው ጊዜው ደርሷል። ብዙ የቆየ ሞራ አብጦ የዓይን ግፊት ሊያስነሳ ይችላል። በግፊቱ የተጎዳ የዓይን ነርቭ ደግሞ አይመለስም።

ጠብታ የለውም?

የለውም። «በጠብታ ይሟሟል» የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ ብራችሁን ያዙ።

ያለሁት አሜሪካ ነው፤ እናቴ ደሴ አካባቢ ገጠር ናት። ለሕክምና ብር ብልክላትም «ከእንግዲህ ምን ላይ ብዬ» እያለች እምቢ አለች። ምን ላድርግ?

ይቺን ቃል ስንቴ ሰማኋት! ቁጭ ብለህ ስታወራቸው ግን ጭንቀታቸው ሌላ ነው። ማን ይወስደኛል? ከተማ የት አድራለሁ? ልጄ ከብቱን ጥሎልኝ ሊመጣ ነው? አጨዳ ከደረሰማ ጭራሽ አይነሳም። የላክኸው ብርም እጃቸው ላይ አይቆይም፤ ለማዳበሪያ ወይም ለልጅ ልጅ ደብተር ይውላል። በተለይ እናቶች የራሳቸውን ጉዳይ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ ከብሩ በፊት ሰው ፈልግ። ማን ይዟቸው ይሄዳል? የት ያርፋሉ? በማግስቱ ለሚደረገው ምርመራስ ማን ይቆያል? ይህን ከወንድሞችህ ጋር በስም ጨርስ። በአካባቢው ተሠርተው ማየት የጀመሩ ሰው ካሉ ቤት ድረስ ይምጡላቸው። እኔ ሰዓት ሙሉ ከማስረዳ እሳቸው አንድ ቡና ቢጠጡ ይሻላል።

አገር አቀፍ ጥናት በ1998 ዓ.ም. ተደርጎ ነበር። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በሞራ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ አብዛኛው በቀዶ ጥገና ሊመለስ የሚችል ብርሃን ነው፤ እኔን የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው።

አያቴ «ዓይኔን አውጥተው ሊያጥቡት ነው» ብላ ፈራች።

ዓይን አይወጣም። የሚወጣው ውስጥ ያለው የደፈረሰ ሌንስ ነው፤ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ዓይኑ ብቻ ይደነዝዛል፤ ሥራው ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

ጸበል ጀምራለች፤ አቋርጣ ትምጣ?

ከእምነቷ ጋር አትጣሉ። ጸበሉንም ሕክምናውንም ይዛ መሄድ ትችላለች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ምንም ውሃ ዓይኗ ውስጥ አይግባ። ይህን ለአጥማቂውም ንገሩ።

እናቴ አንዱ ዓይኗ ተሠርቶ ደህና ታያለች። ሁለተኛው ይቅር?

በአንድ ዓይን ርቀት መገመት ይከብዳል። ቡና ስትቀዳ ከሲኒው ውጭ እያፈሰሰች ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ አስይዝላት።